ማትሱያማ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይገባታል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጃፓን ጉዞ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከቶኪዮና ከኪዮቶ አይርቅም። ማትሱያማ ከተነሳችም «ከሂሮሺማ በፈጣን መርከብ ደርሶ መልስ» በሚል አንድ መስመር ታልፋለች። ይህ ምክር ሰው ያሳስታል፤ ደብዳቤውን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ማትሱያማ በሺኮኩ ደሴት ላይ ትልቋ ከተማ ናት፤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። ሁለት ትልልቅ ሀብቶች አሏት፤ አንዱ ከተማው መሃል ኮረብታ ላይ የቆመው ግንብ፣ ሁለተኛው ዶጎ የሚባለው ፍል ውሃ። ግንቡን ለማየት የሚመቸው ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ፍል ውሃው ደግሞ ገና ሲነጋጋ። የቀን ጎብኚ በሁለቱም ሰዓት እዚያ የለም። ስለዚህ ማትሱያማን አያለሁ ያለ ሰው አንድ ሌሊት ዶጎ አካባቢ ቢያድር ነው የሚያዋጣው።

ግራ እንዳያጋባ አስቀድሜ ልናገር፦ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹን ደግሞ ጃፓን ውስጥ በራፍ ላይ ተለጥፈው እንደምታዩዋቸው ነው የምጽፋቸው። 6፡00 ማለት በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ 17፡00 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ቀላል ነገር ቢመስልም መጨረሻውን መርከብ የሚያስቀረው ይኸው ነው።

መንገዱን በአጭሩ ልለፈው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል አድርጎ ናሪታ ያርፋል። ወደ ማትሱያማ የሚሄዱት አብዛኞቹ የአገር ውስጥ በረራዎች ግን የሚነሱት ከሌላው የቶኪዮ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሃኔዳ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከናሪታ ወደ ሃኔዳ ለመሻገር ቢያንስ ግማሽ ቀን መድቡ፤ አለዚያ ከናሪታ ራሱ የሚነሳውን የርካሽ አየር መንገድ በረራ ፈልጉ። በባቡር የሚመጣ ሰው እስከ ኦካያማ በፈጣኑ ባቡር ይመጣና ከዚያ «ሺዮካዜ» የሚባለውን ይይዛል። ከኦካያማ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጉዞ ነው፤ በታላቁ የሴቶ ድልድይ ላይ ባሕሩን ይሻገራል። ከሂሮሺማ ፈጣኑ መርከብ 70 ደቂቃ ያህል ሲወስድበት መኪና የሚጭነው ትልቁ መርከብ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ትልቁ ይረክሳል፤ ደሴቶቹንም ወለሉ ላይ ቆሞ ለማየት ያስችላል። ጊዜ ያለው ሰው እሱን ይምረጥ። ለውጭ አገር ሰዎች የሚሸጠው የጃፓን ባቡር ፓስ ሺዮካዜን ይሸፍናል፤ መርከቡንና የከተማውን ትራም ግን አይሸፍንም።

ማትሱያማ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታደናግራችሁ ጣቢያዋ ናት። ዋና የሚባሉ ጣቢያዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በምዕራብ በኩል ያለው የጄአር (የጃፓን ባቡር ኩባንያ) ማትሱያማ፣ ሌላው የማትሱያማ ከተማ ጣቢያ። በመካከላቸው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሆቴል ሲይዙ «ጣቢያው አጠገብ» የሚለውን ብቻ አይቶ መወሰን ሻንጣ እየጎተቱ በእግር መኳተን ያመጣል። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አረጋግጡ። ከጄአር ጣቢያ ወደ ዶጎ የሚወስደው ትራም 5 ቁጥር ነው፤ ከከተማ ጣቢያ ደግሞ 3 ቁጥር። ሁለቱም ኦካይዶ በሚባለው ፌርማታ ያልፋሉ፤ የግንቡ መውጫም እዚያው ነው። በትራሙ የኋላ በር ትገባላችሁ፤ በፊተኛው በር ስትወርዱ ሾፌሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ሒሳቡን ትጥላላችሁ። ሒሳቡ ሩቅም ቅርብም ብትሄዱ አንድ ነው። ሳጥኑ አጠገብ ያለው መሣሪያ 1,000 የን ይመነዝራል፤ 5,000ና 10,000 የን ይዞ መሳፈር ግን ከኋላ የተሰለፈውን ሁሉ ያጉላላል። ሳንቲም ኪሳችሁ አይጥፋ።

ትራሙ ራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። ኢዮቴትሱ የሚባለው ኩባንያ ባቡር ማስኬድ የጀመረው በ1888 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች ከጀርመን የመጡ ትንንሽ የእንፋሎት ማሽኖች ነበሩ። እነሱን መስሎ የተሠራው «ቦቻን» የሚባለው ባቡር ዛሬ በናፍጣ ይሠራል። መንገዱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ባለው ክሪክ ራሱን ከሐዲዱ ያነሳል፤ ሠራተኞቹም ገፍተው ያዞሩትና ፉርጎዎቹን በእጃቸው እየገፉ ይቀጥሉለታል። ይህን ለማየት መሳፈር አያስፈልግም፤ ዶጎ ጣቢያ ላይ መቆም ይበቃል። ሾፌር በማነሱ የሚሠራባቸው ቀኖች ስለተቀነሱ ፕሮግራሙን አስቀድማችሁ እዩ። ባቡር የሚወድ ሰው ኦቴማቺ በሚባለው ፌርማታ ላይ ይውረድ። እዚያ የትራሙ ሁለት ሐዲድ የከተማ ዳርቻውን ባቡር ሁለት ሐዲድ በቀጥታ ያቋርጣል፤ ባቡሩ ሲመጣ መኪናውም ትራሙም ከመዝጊያው ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ መስቀለኛ ጃፓን ውስጥ ሌላ ቦታ አታገኙም።

አሁን ወደ ግንቡ። ካትሱያማ የሚባለው ኮረብታ 132 ሜትር ከፍታ አለው። ካቶ ዮሺአኪ የተባለው መስፍን ሥራውን የጀመረው በ1602 ነበር፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ግንባታው ሊያልቅ ሲል ግን ወደ ሌላ ግዛት ተዛወረ። በ1635 ግዛቱ ለማትሱዳይራ ቤተሰብ ተሰጠ። እነዚህ የገዢዎቹ የቶኩጋዋ ዘመዶች ስለነበሩ የቶኩጋዋ ዓርማ የሆነው ሦስት ቅጠል በማማው የጣሪያ ክዳን ላይ ታትሞ ይታያል። መጀመሪያ አምስት ፎቅ የነበረው ዋና ማማ ወደ ሦስት ዝቅ ተደረገ፤ በ1784 የዘመን መለወጫ ዕለት መብረቅ ወድቆበት ተቃጠለ። ዛሬ የምናየው ማማ የተጠናቀቀው በ1852 ነው። ጃፓን ውስጥ ከመሳፍንቱ ዘመን ሳይፈርሱ የቀሩት ዋና ማማዎች 12 ብቻ ናቸው፤ ይህ ከእነሱ አንዱ፣ በዕድሜም የመጨረሻው ታናሽ ነው። የአሜሪካ የጦር መርከቦች ጃፓን ደጃፍ ላይ የደረሱት ማማው ባለቀ በዓመቱ መሆኑ ሲታሰብ፣ ለጥንታዊ ጦርነት የተሠራ ሕንፃ ዘመኑ ሊያበቃ ሲል መቆሙ ያስገርማል።

ከዋናው ማማ ጋር በኮሪደር የተያያዙት ትንሹ ማማና የማዕዘን ቤቶቹ ግን ያው የጥንቶቹ አይደሉም። በ1933 እሳት በላቸው። በጁላይ 1945 ደግሞ የአየር ድብደባ ከተማዋንም የግንቡን ሌሎች ቤቶችም አነደደ። ትንሹ ማማ በ1968 የተመለሰው ግን በእንጨት ነው። ኦሳካንና ናጎያን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ እነዚያ በኮንክሪት የተሠሩ ናቸው። እዚህ አናጢዎቹ በጥንቱ አሠራር ስለገጣጠሙት አሮጌውንና አዲሱን ለመለየት ዓይን ይፈልጋል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ የምሰሶዎቹንና የወለሉን ጣውላ ጠርዝ ተመልከቱ፤ በእጅ መጥረቢያ የተጠረበው ሞገድ ሞገድ ይላል።

ወደ ላይ የሚወስዳችሁ ኬብል ካር ሦስት ደቂቃ፣ የገመድ ወንበር ደግሞ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በአንዱ ቲኬት የወደዳችሁትን ትይዛላችሁ። ዝናብ ከሌለ ወንበሩን ያዙ፤ ሰልፍ የለውም፣ እያንዳንዱ ወንበር ለአንድ ሰው ነው። ሕፃን ያቀፈ ግን በኬብል ካሩ ይሂድ። ላይ ከደረሳችሁ በኋላ እስከ ዋናው ሜዳ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ዳገት አለ፤ የግንቡ ብልሃት የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው። መንገዱ ሲሄድ ሲሄድ ማማው ፊት ለፊት ይታይና ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ የምትደርሱ ይመስላችኋል። ትክክለኛው መንገድ ግን በድንገት ወደ ኋላ ታጥፎ መዝጊያ በሌለው በር ይገባል። ቀጥ ብሎ የሄደ ጠላት በድንጋዩ ካብ ሥር ጎኑን ለቀስት አጋልጦ ይቀራል። ከዚያ የሚቀጥለው ትልቁ የትሱትሱይ በር ነው። ሰዉ ሁሉ እሱን ፎቶ እያነሳ ሲያልፍ በስተቀኝ በካቡ ጥግ የተሸሸገችውን ትንሽ በር አያያትም። ተከላካዮቹ ትልቁን በር የሚገፋውን ጠላት ከጎን የሚመቱት በእሷ ወጥተው ነበር። ትልቁ በር ከጦርነቱ በኋላ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው፤ ትንሿ ግን የጥንቷ ናት። እኔን ቢጠይቁኝ ከማማው ቀጥሎ ዋጋ ያላት እሷ ነች።

ዋናው ሜዳ ነፃ ነው፤ ቲኬት የሚያስፈልገው ወደ ማማው ለመግባት ብቻ ሲሆን 500 የን ገደማ ይከፈላል። ማማው የሚከፈተው 9፡00 ነው፤ የሚዘጋው 17፡00 ቢሆንም ከግማሽ ሰዓት በፊት መግባት ይቆማል፤ በብርዱ ወቅት ደግሞ ቀደም ይላል። ስትገቡ ጫማችሁን ታወልቃላችሁ። ደረጃዎቹ እንደ መሰላል ቀጥ ያሉ፣ በብዙ እግር የለሰለሱ ናቸው። በካልሲ ስትወርዱ ያንሸራትታሉ፤ ፊታችሁን ወደ ደረጃው አዙራችሁ፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ ውረዱ። ቀሚስ ወይም ነጠላ የለበሰች ሴት መያዣ የሚሆን እጅ አታገኝምና ሱሪ ይሻላታል። ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ ሜዳው ላይ ሆኖ ካቦቹን ቢያይ የሚቀርበት ነገር ብዙ አይደለም። ግድግዳው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ረጃጅሞቹ ለቀስት፣ አራት ማዕዘኖቹ ለጠመንጃ ናቸው፤ ወለሉ ዳር ላይ የሚከፈተው መሰንጠቂያ ካቡን በሚወጣው ጠላት ላይ ድንጋይ መልቀቂያ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ በአንድ ወገን የሴቶ ባሕርና ደሴቶቹ፣ በሌላው በኩል 1,982 ሜትር የሚረዝመው የኢሺዙቺ ተራራ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ጉም ይለብሰዋል።

ሜዳው ላይ ያለው የውኃ ጉድጓድ 44 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ኮረብታው ሁለት ጫፍ የነበረው ሲሆን መካከሉ ተሞልቶ ሜዳ እንደሆነ ይነገራል፤ ጉድጓዱም በሸለቆው ምንጭ ላይ እንደቀረ። ስትመለሱ በኬብል ካሩ ከመውረድ ይልቅ በደቡብ በኩል በእግር ብትወርዱ ከ230 ሜትር በላይ እየተጣመመ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣውን የድንጋይ ካብ ታያላችሁ። ጠላት በኮረብታው ጎን እየዞረ እንዳይገባ ነው የተካበው። ይህ ዓይነቱ ካብ ጃፓን ውስጥ በጥቂት ቦታ ብቻ ተርፏል። ነገር ግን በጁላይ 2024 ከከባድ ዝናብ በኋላ የኮረብታው አንድ ወገን ተንዶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የእግር መንገዶቹ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው ብላችሁ አትመኑ፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ታች ትኬት መቁረጫው ላይ ጠይቁ።

ፍል ውሃው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነውና። አዲስ አበባን ያቆረቆራት ፍል ውሃ ስለሆነ ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ አዲስ አበባ ፍል ውሃ የሄደ ሰው የግሉን ክፍል ይዞ በሩን ዘግቶ መታጠቡ ነው። ዶጎ ላይ ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር በአንድ ገንዳ፣ ምንም ልብስ ሳይለብሱ ይገባሉ። የዋና ልብስም አይፈቀድም። ይህን ሳያውቅ ደጃፉ ላይ ደርሶ የሚመለስ ሰው አለ፤ የቻለ አስቀድሞ ይወስን። ከሰው ጋር መታጠብ ፈጽሞ የማይሆንለት ደግሞ ከዋናው ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ በ2017 የተከፈተው «አሱካ ኖ ዩ» ውስጥ ቤተሰብ ብቻውን የሚይዘው ልዩ ክፍል አለለት። ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈልበታል፤ ቀድሞ መያዝም ያስፈልጋል።

ዋናው ቤት፣ ሆንካን፣ በ1894 የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ነው። ያሠራው የመንደሩ ሹም ኢሳኒዋ ዩኪያ ወጪው በዛ ተብሎ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ እሱ ግን ሰው የሚመጣበት ሐዲድም አብሮ እንዲዘረጋ አድርጎ በ1895 ባቡሩ ዶጎ ደረሰ። ቤቱ በ1994 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ቅርስ ከሆነ በኋላም የሚታጠቡበት ቤት መሆኑ አልቀረም፤ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ እስከ 2024 ድረስ ሲታደስ እንኳን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። መጀመሪያ «ካሚ ኖ ዩ» የሚባለውን መታጠቢያ ክፍት ትተው ሌላውን ወገን ጠገኑ፤ ኋላም «ታማ ኖ ዩ» የሚባለውን ከፍተው ካሚ ኖ ዩን ያዙ። ሙሉው ቤት በጁላይ 11፣ 2024 ተከፈተ። ቅርስ ሲጠገን በሩን ለዓመታት መዝጋት ግዴታ ነው ለሚሉ ሁሉ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ውኃው የሚመጣው ከ18 ጉድጓዶች ነው። የአንዱ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የሌላው 55 ይደርሳል፤ እነሱን በመቀላቀል ብቻ፣ ሳይሞቅና ቀዝቃዛ ውኃ ሳይጨመርበት፣ ወደ 42 ዲግሪ ይመጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ለስለስ ያለ አልካላይን ውኃ ነው፣ ቆዳ ላይ የሚያዳልጥ ዓይነት። ድኝ በበዛባቸው የጃፓን ፍል ውሃዎች የብር መስቀልና ቀለበት ይጠቁራሉ፤ ዶጎ ላይ ይህ ስጋት የለም። ቢሆንም የወርቅና የብር ጌጥ ሎከር ውስጥ ቢቀር ይሻላል፤ ሙቀት ጣትን አሳብጦ ቀለበት ያጣብቃል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መግቢያው ላይ ጫማችሁን ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ቲኬት ትገዛላችሁ። ምድር ቤት ባለው ካሚ ኖ ዩ ብቻ ለሚታጠብ 700 የን ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፍ ብሎ ዩካታ የሚባለውን ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ለብሶ ሻይ ለመጠጣት ዋጋው ይጨምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሁለተኛውን ፎቅ ቢይዝ ገንዘቡ አይቆጨውም፤ ከታጠቡ በኋላ ተኮልኩሎ የሚቀመጡበት ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልያዛችሁ በኪራይ አለ። በወንዶችና በሴቶች መግቢያ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው የወንድ፣ ቀዩ የሴት ነው፤ ጽሑፉንም አረጋግጡ። ልብሳችሁን ሁሉ ማውለቂያው ክፍል ሎከር ውስጥ ትታችሁ፣ ቁልፉን እጃችሁ ላይ አስራችሁ፣ ትንሿን ፎጣ ብቻ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ስልክ ሎከሩ ውስጥ ይቀራል፤ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ማውጣት ራሱ ነውር ነው።

ገንዳው ሰውነት ማጠቢያ አይደለም። መጀመሪያ ግድግዳው ሥር ካለው ቧንቧ ፊት በርጩማ ላይ ትቀመጡና በሳሙና ከራስ እስከ እግር ትታጠባላችሁ፤ ቆማችሁ ከታጠባችሁ አጠገባችሁ ያለው ሰው ላይ ይረጫል። አረፋው ጨርሶ እስኪለቅ ተለቃለቁ። ጸጉራቸውን ቅቤ ወይም ቅባት የተቀቡ ሴቶች በደንብ ታጥበው፣ ሹሩባውንም ከአንገት በላይ ጠቅልለው ይሰሩ፤ ቅባቱ ውኃው ላይ ከተንሳፈፈ ገንዳውን ለሁሉም ያበላሻል። ከዚያ በሳፋ እየቀዳችሁ እግርና ትከሻችሁን ካላመዳችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ፎጣዋ ውኃው ውስጥ አትገባም፤ ራስ ላይ ወይም የገንዳው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ራስን መድፈቅ፣ መዋኘት፣ ልጅ ማንቦጫረቅ የለም።

42 ዲግሪ ለለመደው ደስ ይላል፤ ላልለመደው ግን ቀልድ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወጥታችሁ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፣ ተቀዛቅዛችሁ ድገሙ። በሙቀቱ የደም ሥር ስለሚሰፋ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ደም ከራሱ ሸሽቶ ዓይኑ ይጨልማል፤ መውደቅ የሚመጣው በዚህ ነው። ጠርዙን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። መጠጥ ቀምሶ፣ ጠግቦ በልቶ ወይም ጾም ውሎ በባዶ ሆድ መግባት አይገባም። ይህ የመጨረሻው በተለይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ አንባቢዎች ነው፤ ከጾሙ በኋላ ትንሽ ቀምሳችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ሂዱ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ሲወጡ ማውለቂያው ክፍል ከመድረሳችሁ በፊት ሰውነታችሁን በፎጣዋ አድርቁ፤ ወለሉን ማርጠብ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው።

ንቅሳት ላለባቸውም አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ያለበትን ሰው የማያስገቡ ፍል ውሃ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ምክንያቱ ከወንጀለኛ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ነው። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት እናት ስትሄድ አብሯት ያለው ሰው የሆቴሉን መታጠቢያ ከመያዙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። ደጃፍ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ሆንካን የሚከፈተው 6፡00 ሲሆን ጣሪያው ላይ ካለችው ቀይ መስታወት ካላት ትንሽ ማማ ከበሮ ይመታል፤ ቀትርና 18፡00 ላይም እንዲሁ። ጠዋት ከመከፈቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ደጃፉ ላይ የተሰለፈ ሰው ንጹሕ ገንዳ ያገኛል። ከ16፡00 እስከ 20፡00 ድረስ ግን የቀን ጎብኚውም ሆቴል የያዘውም ስለሚመጣ በርጩማ ጠብቃችሁ ነው የምትታጠቡት። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ይታጠብበት የነበረው በ1899 የተሠራው «ዩሺንደን» ለብቻው ተከፍሎ የሚጎበኝ እንጂ የሚታጠቡበት አይደለም።

ዶጎ ላይ ያደረ ሰው ከቁርስ በፊትም በኋላም በእግሩ የሚደርስባቸው አሉ። ጣቢያው ፊት ያለው የሰዓት ማማ በየሰዓቱ ወደ ላይ እየረዘመ አሻንጉሊቶቹን ያወጣል፤ አጠገቡ እግር ብቻ የሚነከርበት ነፃ ፍል ውሃ አለ፤ ገንዳ ለማይደፍር ጥሩ መጀመሪያ ነው። የዛሬው ሕንፃ በ1667 የተሠራው የኢሳኒዋ መቅደስ 135 ደረጃ ላይ ነው። ዶጎ መናፈሻ የሚባለው ለምለም ጉብታ ከካቶ ግንብ በፊት ኮኖ የተባለው ቤተሰብ የነበረበት የዩዙኪ ምሽግ ነው፤ መግቢያው ነፃ ሆኖ ሰው የማይበዛበት መሆኑ ይገርመኛል። በዚያው የማሳኦካ ሺኪ ሙዚየም አለ። ሺኪ በ1867 እዚሁ ከተማ ተወልዶ ሃይኩ የሚባለውን 17 ድምፅ ያለውን ግጥም ያደሰ ሰው ነው፤ 35 ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ከተማዋ ከ1968 ጀምሮ ማንም ግጥሙን ጽፎ የሚከትባቸው የሃይኩ ሳጥኖች በየቦታው አስቀምጣለች፤ ግንቡ ላይም ትራሙ ውስጥም ታገኟቸዋላችሁ።

ከዶጎ በእግር 15 ደቂቃ ገደማ ሲሄዱ ኢሺቴ-ጂ የሚባለው ቤተ መቅደስ ይገኛል። ሺኮኩን የሚዞረው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የቡድሂስቶች መንፈሳዊ ጉዞ 88 ቤተ መቅደሶች አሉት፤ ማትሱያማ ውስጥ ከ46ኛው እስከ 53ኛው ያሉት ስምንቱ ናቸው፣ ይህ 51ኛው ነው። የ1318 በሩ ብሔራዊ ሀብት ነው። ነጭ ለብሰው በትር ይዘው የሚመጡት ተሳላሚዎች ጸሎት ላይ ስለሆኑ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ማንሳት አይገባም፤ ከእኛ ገዳማት የተሳለመ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከዋናው ቤተ መቅደስ ጀርባ ያለው ዋሻ ጨለማና እርጥብ ነው፤ መብራት ያዙ።

ምግቡ ላይ ጾመኞች ተጠንቀቁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳን ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው የሚሠራው፤ የተቀቀለው ጎመንና ቶፉም እንዲሁ። «ሥጋ የለበትም» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ዓሣም፣ የዓሣ መረቅም፣ እንቁላልም» ብላችሁ በጽሑፍ አሳዩ። ሙስሊም አንባቢዎችም የአሳማ ሥጋንና አልኮል ያለበትን ቅመም አብረው ይጠይቁ። ዓሣ ለሚበላ ግን የማትሱያማ ታይ-ሜሺ፣ ከዓሣው ጋር አብሮ የተቀቀለ ሩዝ፣ ሊቀር የማይገባ ነው፤ በዚያው ስም ኡዋጂማ ከምትባለው ከተማ የመጣው ግን ጥሬ ዓሣ በጥሬ እንቁላል ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትዘዙ። ሁሉም የሚበላው ብርቱካን ነው። ማትሱያማ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ኤሂሜ፣ የብርቱካን አገር ናት፤ ከብርዱ ወቅት መጀመሪያ አንሥቶ ቀጥሎ እስከሚመጣው ጸደይ ድረስ በየጊዜው ሌላ ዓይነት ይወጣል።

ሲመለሱ በመርከብ የሚሄዱ ሰዎች ወደቡ ከመሃል ከተማ ራቅ እንደሚል አይርሱ። ከኦቴማቺ ወይም ከከተማ ጣቢያ በባቡር እስከ ታካሃማ ድረስ ሄዳችሁ እዚያ አውቶቡስ ትቀይራላችሁ፤ ሁሉንም ደምራችሁ ከዶጎ አንድ ሰዓት ተኩል ብትይዙ ነው የሚያስተማምነው። ሻንጣውን ጠዋት ግንቡ ላይ ይዛችሁ አትውጡ፤ ጣቢያዎቹ ውስጥ በሳንቲም የሚሠሩ ሎከሮች አሉ፤ ትልልቆቹ ግን ቅዳሜና እሑድ እስከ 10፡00 ስለሚያልቁ ሆቴላችሁ እንዲያቆይላችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ